«ማይልስቶን ትራከር»፦ ልጃችሁ ሲጫወት ምን እንደምታዩ የሚያሳይ አፕ

ቤቴ ውስጥ ልጅ እጠብቃለሁ። የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን እኔ ዘንድ የሚውሉት አብዛኞቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው። እናት ሆስፒታል ወይም ኤርፖርት ትሠራለች፣ አባት ኡበር ይነዳል፣ አያት ከአገር ቤት መጥታ ታግዛለች። እናቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አፕ ዛሬ በደንብ ልጽፍበት። ስሙ «ማይልስቶን ትራከር» ይባላል። ያወጣው ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ነው። በአይፎንም በአንድሮይድም ይሠራል፣ ዋጋ የለውም፣ ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይጫነው። እኛ ሐበሾች ልጅ አደገ አላደገ የምንለው በሁለት ነገር ነው፤ ሄደ ወይ? አፉን ፈታ ወይ? በመካከል ያለውን፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ነገር፣ ጨዋታውን፣ «ይጫወታል፣ ደህና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አፕ ግን እንዴት ነው የሚጫወተው ብሎ ይጠይቃችኋል። ልጁ መናገር ከሚጠበቅበት ጊዜ በፊት ብዙ ነገር የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። የልጁን የልደት ቀን ታስገባላችሁ። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነም ያንኑ ትነግሩታላችሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ወር ቀድሞ የመጣን ልጅ ሙሉ ጊዜውን ጨርሶ ከተወለደ ጋር እኩል መጠበቅ ግፍ ነው። ከዚያ ለዕድሜው የሚሆኑ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ «አዎ»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም» ወይም «ገና ነው» ትላላችሁ። ፎቶና ቪዲዮ ስላለው እንግሊዝኛው ባይገባችሁም ምን እንደተፈለገ ታያላችሁ። ስትጨርሱ መልሳችሁን ለሐኪሙ በኢሜይል መላክ ወይም ቀጠሮ ቀን ስልኩን ከፍቶ ማሳየት ይቻላል።

አሁን ወደ ጨዋታው። በ9 ወር ሁለት ነገር ይዞ ያጋጫል ወይ ይላል። የወደቀበትን፣ ከዓይኑ የተሰወረውን ዕቃ ይፈልጋል ወይ ይላል። በ1 ዓመት ዕቃ ወደ ዕቃ ውስጥ ይከታል ወይ፣ ስትደብቁ ያየውን ነገር ይፈልጋል ወይ። በ15 ወር ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ አይቶ ይቀዳል ወይ፣ የወደደውን ነገር አምጥቶ ያሳያችኋል ወይ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ፣ ኩባያውን አፉ ላይ ያደርጋል ወይ። በ18 ወር የገረመውን ነገር እንድታዩለት በጣቱ ይጠቁማል ወይ፣ መጥረጊያ ይዞ እንደናንተ ለመጥረግ ይሞክራል ወይ። በ2 ዓመት የመጫወቻ ምግብ የመጫወቻ ሳህን ላይ ያደርጋል ወይ፤ በ2 ዓመት ተኩል ደግሞ ብሎኩን ምግብ ነው ብሎ አሻንጉሊቷን ያጎርሳል ወይ።

የመጨረሻውን ሳነብ በቀጥታ እቃ እቃ ታየኝ። ሳሎኔ ጥግ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጀበና፣ ሲኒዎችና አንድ ረከቦት አሉ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት አንዲት ልጅ በየቀኑ እዚያ ትቀመጣለች። አሻንጉሊቷን ትራስ አስደግፋ ታስቀምጣትና ከባዶው ጀበና ትቀዳላታለች፣ «ትኩስ ነው» ብላ እፍ ትልላታለች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች፣ አየሽ ወይ ለማለት። በዚህች በአንድ ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ተመልከቱ። ባዶ ሲኒ ውስጥ ቡና አለ ብላ ማሰብ ማለት አንድ ነገር የሌላውን ቦታ ሊይዝ እንደሚችል ገብቷታል ማለት ነው። ቋንቋም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ «ውሃ» የሚለው ድምፅ ራሱ አያርስም፣ ግን ውሃውን ይተካል። አሻንጉሊቷ እንዳትቃጠል እፍ ማለቷ የሌላውን ስሜት መገመት ነው። ቀና ብላ እኔን ማየቷ ደግሞ ደስታዋን ልታካፍለኝ ነው። ሐኪሞቹም ሆኑ ቴራፒስቶቹ ልጁን ከአሻንጉሊት ጋር አስቀምጠው ዝም ብለው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ሰዎች በብዛት የሚጠይቁኝ ስለ መደርደር ነው። «ልጄ መኪና ይደረድራል፣ ኦቲዝም ይሆን?» ይሉኛል፤ ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትንና የሚጫወትበትን መንገድ የሚለውጠውን የዕድገት ሁኔታ ማለታቸው ነው። ብዙ ልጅ ይደረድራል፤ መደርደር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። እኔ የማየው ከመደርደሩ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሰልፉን ሠርቶ ሲጨርስ «እዩ!» ይላል? አንዱን መኪና አንስቼ «ቢብ ቢብ» ብዬ ብነዳ ይስቃል፣ ይከተለኛል፣ ወይስ እሪ ብሎ ወደ ቦታው ይመልሳል? ዛሬ ሰልፍ፣ ነገ ጋራዥ፣ ከነገ ወዲያ የኡበር ተሳፋሪ የሚጭን ከሆነ ጨዋታው እያደገ ነው። ወር አልፎ ወር ሲተካ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ የሚያሽከረክር ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ ካልጠቆመ፣ ያኔ ነው ነገሮቹ አንድ ላይ ተደምረው መታየት ያለባቸው። ለዚህ ነው አፑን የምወደው፤ አንዷን ነገር ብቻ ነጥሎ አያስደነግጣችሁም፣ ብዙ ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጥላችኋል።

ጨዋታ የሚያሳየው ኦቲዝምን ብቻም አይደለም። ያ የ9 ወር ጥያቄ፣ ሁለት ነገር ማጋጨት፣ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ የሚያነሳ፣ ሌላውን ጨብጦ የሚያስቀምጥ ሕፃን ካያችሁ «ግራኝ ሊሆን ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዚያ ዕድሜ አንዱን እጅ መምረጥ ገና ጊዜው አይደለም፣ ሌላው እጅ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ይየው። ዕቃውን ሁሉ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ የሚያይ ልጅ የዓይን ምርመራ ይፈልጋል። ከኋላው ቅል ሲንኳኳ የማይዞር ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። አፑ ይህን በዝርዝር አያስተምርም፣ ግን በየዕድሜው መጨረሻ ላይ «ልጁ ቀድሞ ያደርገው የነበረና አሁን የተወው ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያቺን ጥያቄ አትዝለሏት። ልጅ ያወቀውን ነገር ሲረሳ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ሐኪም ጋ የሚያስደውል ነው።

አፑ ዋጋ እንዳለው ያየሁት ግን ከአንዲት አያት ጋር ቁጭ ብዬ ስሞላው ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት፤ አፑን ብቻዋን፣ ከሥራ መልስ አልጋ ላይ ሆና ሞልታው ነበር፣ አብዛኛውን «አዎ» ብላ። አልዋሸችም፤ ልጇን የምታየው በቀን ጥቂት ሰዓት ነው፣ ያንንም ሲበላና ሲታጠብ። ፈቃዷን ጠይቄ እንደገና ከእናቷ ጋር ሞላነው። እማማ ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ልጁን ከማንም በላይ የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው። እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ ልጁ ምንጣፉ ላይ የመኪና ጎማ ያሽከረክራል።

«እማማ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል?»

«ምን ጣት አለ ልጄ፣ እጄን ጎትቶ ፍሪጁ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ። ፊቴን እንኳ አያየኝም።»

«አውሮፕላን ሲያይስ፣ ውሻ ሲያይ፣ እይልኝ ይላል?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እይልኝ የምትለው እኅቱ ነበረች። እሱ ደስታው ለብቻው ነው።»

ይህን አባባላቸውን ቃል በቃል ጽፌ ለእናቱ ሰጠኋት፣ ለሐኪሙም እንድታነብ። ልጁ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ ይታቀፋል፤ ማንም «ችግር አለበት» አይልም። ነገር ግን የእማማን እጅ እንደ ዕቃ መክፈቻ ይጠቀምበታል እንጂ ዓይናቸውን አይፈልግም። መጠቆም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ስጡኝ ነው፣ ሌላው አብረን እንይ ነው። አፑ በ15 ወር የመጀመሪያውን፣ በ18 ወር ሁለተኛውን ለይቶ ይጠይቃል፣ እኔም ይህን መለየት የጀመርኩት ከአፑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሁንም ያንገበግበኛል። ልጁን የወሰደችበት ክሊኒክ «ወንድ ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላው እንጠብቅ» አላት። ይህ አማርኛ ለሚናገር ቤት ሁሉ የሚሰጥ መልስ ሆኗል። ሁለት ቋንቋ ልጅን ከንግግር አያዘገይም፤ ቃሉ ሲቆጠር የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም አንድ ላይ ይቆጠራል። ደግሞስ እማማ የተናገሩት ስለ ቃል አልነበረም። ዓይን ለዓይን መተያየት ምን ቋንቋ ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀውን ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ከ1986 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ሕግ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ፣ ዕድገታቸው ለዘገየ ልጆች የቅድመ ድጋፍ አገልግሎት፣ ቴራፒና የመሳሰለው፣ አለ። ቨርጂንያ ውስጥ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን»፣ ሜሪላንድ ውስጥ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም» ይባላል። ለመደወል የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፣ እናት ራሷ ትደውላለች። ምርመራው በነፃ ነው። ጥሪው ከደረሰ በኋላ ልጁን መርምሮ፣ የሚገባው ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር ለዕቅዱ ለመቀመጥ ሕጉ 45 ቀን ይሰጣል። ምርመራው በቤተሰቡ ቋንቋ እንዲሆን ሕጉ ያዛል፣ ጨርሶ የማይቻል ካልሆነ በቀር፤ ስለዚህ ስትደውሉ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፣ አትፈሩ፣ ልመና አይደለም። አፑም «ገና ነው» የበዛበትን ወላጅ ዝም ብሎ አይተወውም፤ ሐኪም አነጋግሩ፣ ለግዛታችሁ ፕሮግራም ደውሉ ብሎ ይመራል።

ምርመራው እንዴት እንደሆነ ላውራችሁ፣ ፈተና መስሏችሁ የምትፈሩ ስላላችሁ። የዚያ ልጅ እናት ደውላ ነበርና ሁለት ሴቶችና አስተርጓሚዋ ወደ ልጁ ቤት መጡ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አንደኛዋ የሳሙና አረፋ ነፋችለት፤ ልጁ ዘለለ፣ ያዘ፣ ሳቀ። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘግታ ጠርሙሱን ሰጠችውና ዝም ብላ ጠበቀች። ሊከፍተው ታገለ፣ አልቻለም። ጠርሙሱን መልሶ እጇ ውስጥ ከተተ፣ ጣቶቿን ወደ ክዳኑ ገፋ። ፊቷን አላየም። ጻፈች። ደጋግማ አደረገችው፣ በመጨረሻ ለቅጽበት ቀና ብሎ አያት፣ ወዲያው «ልንፋ!» ብላ ነፋችለት። እማማ ከጎኔ ሆነው «እንዴ፣ ጨዋታ ነው እንዴ የምታስተምረው?» አሉ። አዎ፣ ጨዋታ ነው።

ጆሮውን አስመረመሩት፣ ደህና ነው። ከዚያ ወዲህ ቴራፒስት ቤት እየመጣች ከእማማ ጋር ትሠራለች። መጀመሪያ ያስተማረቻቸው መኪናውን እንዳይቀሙት ነው። እሳቸውም የራሳቸውን መኪና ይዘው ከፊቱ ይቀመጣሉ፣ እሱ ጎማ ሲያሽከረክር ያሽከረክራሉ፣ ሲያቆም ያቆማሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። የሰባ ዓመት ሴት ምንጣፍ ላይ! ጉልበታቸው ይጮኻል ግን አይነሱም። ልጁ አሁን መኪና ይዞ ይመጣና ጭናቸው ላይ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያያቸዋል። ምን ስም ይሰጠው የሚለው ገና እየታየ ነው፤ ቤተሰቡ ጸበልም ይወስደዋል፣ ቴራፒውንም አያቋርጥም፣ እኔም ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን እደግፋለሁ።

ወደ አፑ ልመለስ፣ የማልወድለትም አለ። ትልቁ ቅሬታዬ ቋንቋው ነው፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው ያለው። ከልጁ ጋር የሚውሉት አያቶች አያነቡትም፣ የሚያነቡት ወላጆች ሥራ ላይ ናቸው። ሁለተኛ፣ «አዎ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። አንድ ቀን አንዴ የጠቆመና ቀኑን ሙሉ የሚጠቁም ልጅ ሁለቱም «አዎ» ናቸው። እኔ አንዴ ብቻ ያየሁትን «እርግጠኛ አይደለሁም» እላለሁ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሦስተኛው በ2022 የተደረገው ለውጥ ነው። ያኔ ሲዲሲ ከአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጋር ሆኖ ዝርዝሩን ከለሰው። የ15 ወርና የ30 ወር ዝርዝር ተጨመረ፣ ይህ ጥሩ ነው። ዳዴ ማለት ወጣ፤ ዳዴ ሳይሉ ቀጥታ የሚሄዱ ልጆች ስላሉ አልከፋኝም። እያንዳንዱ ምልክት ደግሞ 75 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑ ልጆች በዚያ ዕድሜ የሚያደርጉት እንዲሆን ተደረገ፤ ቀድሞ ግማሾቹ የሚያደርጉት ነበር። አንዳንድ የንግግር ባለሙያዎች «50 ያህል ቃል ይናገራል» የሚለው በ30 ወር ላይ መቀመጡን ተቃውመዋል፣ እኔም ስለ ቃሉ ከእነሱ ጋር ነኝ። ለጨዋታው ግን ለውጡን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም አሁን «ገና ነው» ማለት ክብደት አለው። ከአራት ልጆች ቢያንስ ሦስቱ የሚያደርጉትን የእኛ ልጅ ካላደረገ «አባቱም እንዲህ ነበር» ተብሎ አይታለፍም።

አፑ ምርመራ አይደለም፣ ራሱም ይህን ይናገራል። ለኦቲዝም ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄ ያለው ሌላ መጠይቅ አለ፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች። አካዳሚው በ18 እና በ24 ወር ለእያንዳንዱ ልጅ የኦቲዝም ማጣሪያ ይደረግ ይላል። ቀጠሮ ስትሄዱ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። እሱም ላይ ልጁ የማስመሰል ጨዋታ ይጫወታል ወይ የሚል ጥያቄ ታገኛላችሁ።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «ለእኛስ?» ይሉኛል። ዝርዝሩ ከሲዲሲ ድረ ገጽ ላይ በወረቀት ሊታተም ይችላል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ዕቃ ቤታችሁ ባለ ዕቃ ተኩት። ብሎክ ከሌለ ቆርኪ፣ የመጫወቻ ሳህን ከሌለ የሻይ ሳህን፣ መደበቂያ ከሆነ ነጠላ። ድብብቆሽ የትም ድብብቆሽ ነው። ልጁ ላይ «ገና ነው» ከበዛ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል እዚያው አዲስ አበባ ናቸው። ዘሚ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበረች፤ ስለዚህ ጉዳይ አደባባይ ወጥታ ስትናገር ብዙ ሰው ልጁን ቤት ውስጥ ይደብቅ ነበር። ነፍሷን ይማር።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለአማርኛው ነው። ስትሞሉት ማታ አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን፣ ልጁ ፊታችሁ ሲጫወት፣ ከሚውልበት ሰው ጋር ይሁን። ልጃችሁ ሁለት ዓመት ተኩል ያለፈውና ያሳሰባችሁ ነገር ካለ ደግሞ ስልኩን ዛሬ አንሱ፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤት አስተዳደር ይዛወራል፣ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ቀጠሮ ይጀመራል።